አጎበር የያዘ የዱር ሰው

ረቡዕ

ክብሪቱ ረጠበ። ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ገና ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ! ርብ ወንዝ አጠገብ አንዲት ቦይ ስዘል አንሸራቶኝ እስከ ወገቤ ገባሁ። ክብሪቱ የሱሪዬ የኋላ ኪስ ውስጥ ነበር። በስልክ ቪዲዮ ይህን ነገር ያስተማረኝ ፈረንጅ "ክብሪት በላስቲክ ይጠቀለላል" ብሎ ሦስት ጊዜ አሳይቷል። ሦስቱንም ጊዜ ይሄማ ለሕፃን የሚነገር ነው ብዬ አለፍኩት።

ይዤ የወጣሁት፦ ቢላዋ፣ ሲባጎ፣ አንድ ሰፊ ላስቲክ፣ ጣሳ፣ ጨው፣ መንጠቆ ከነክሩ፣ ጋቢ፣ ሁለት ሊትር ውሃ፣ ይህ ደብተርና እርሳስ። ክብሪት (ነፍሱን ይማር)።

ያልያዝኩት፦ ምግብ፣ ስልክ፣ አጎበር።

ዓላማው ከዛሬ እስከ እሑድ፣ አራት ሌሊት፣ ፎገራ ሜዳ ላይ ባገኘሁት ነገር ብቻ መኖር ነው። ከማንም ምንም ሳልቀበል። ዕድሜዬን ወንበር ላይ ተቀምጬ የዕቅድ ሪፖርት ስጽፍ ስለኖርኩ ቢሮ ውስጥ ያልሳቀብኝ የለም።

እውነተኛው ዓላማ ደግሞ (ደብተር ላይ መዋሸት ምን ያደርጋል) ማሰብ ነው። ባለቤቴ መሠረት ወደ አዲስ አበባ ዝውውር ደርሷታል። አዋላጅ ነርስ ናት። ደብዳቤው ከመጣ ሁለት ሳምንት ሆነው፤ ቡፌው ላይ፣ ከስኳር ዕቃው ስር ተቀምጧል። ሰኞ መልስ መስጠት አለባት። "አንተ ምን ትላለህ?" ስትለኝ "እንዳንቺ" አልኳት። "የኔንማ ታውቀዋለህ" አለች። ምኑን ነው የማውቀው? እናቷ እዚያ ናቸው፤ መሄድ ትፈልጋለች ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ዘይት፣ ስለ መብራት፣ ስለ ጎረቤት ውሻ እናወራለን፤ ስለ ደብዳቤው ግን አንድም ቀን አንስተን አናውቅም። ጠዋት ስወጣ "እሑድ ስትመለስ መልስህን ይዘህ ና" አለችኝ።

ላስቲኩን ከአንዲት ሾላ ስር ወጥሬያለሁ። እሳት የለም። እራት የለም። ቢንቢ እንደ ልብ።

አሁን ጋቢዬን ከቦርሳው ታች ስስብ አጎበሩ አብሮ ወጣ። በጥንቃቄ ታጥፎ! ትናንት "ይዘኸው ሂድ" ስትለኝ "አጎበር ይዞ የወጣ የዱር ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?" ብዬ ስቄባት ነበር። አልሳቀችም ነበር። መልሼ ከተትኩት። ኩራት ነው።

ሐሙስ

ግራ ዓይኔ በግማሽ ነው የሚያየው። ቢንቢዎቹ ሠርግ ደግሰው አደሩ። በጥቅምት አንድ አጥንት ይባላል፤ እኔ ያን ብርድ የገፋሁት አጥንቱ ቀርቶ መረቁን እንኳ ሳላሸት ነው። ዛሬ አጎበሩን እሰቅላለሁ። ማንም አያየኝም።

ቁርስ፦ አሥራ አንድ የሾላ ፍሬ። ሰባቱ ጉንዳን ነበረባቸው። የትኞቹ ሰባት እንደሆኑ ያወቅሁት ከበላሁ በኋላ ነው።

ዓሣ፦ ዜሮ። አልቅት፦ ሦስት፣ ሁሉም ቁርጭምጭሚቴ ላይ። ጨው ስነሰንስባቸው ለቀቁ። ለዓሣ የመጣ ጨው ለአልቅት ዋለ።

ማንም አያየኝም ያልኩት ውሸት ሆኖ ተገኘ። ከሾላው ትንሽ ራቅ ብሎ የሩዝ ማሳ አለ፤ ማሳው መሐል ማማ ቆሟል። ማማው ላይ ወንጭፍ ይዘው ወፍ የሚጠብቁ ሽማግሌ ከትናንት ጀምሮ ሲመለከቱኝ ኖረዋል። ረፋዱ ላይ ወርደው መጡ። አያ ደምሴ ይባላሉ። ላስቲኩን አዩ፣ ጣሳውን አዩ፣ ፊቴን አዩ።

"ምን ሁነህ ነው ልጄ?" አሉ።

"ምንም አልሆንኩ አባቴ። መኖር እየተለማመድኩ ነው።"

"እስተ ዛሬስ ምን ስትሠራ ነበር?"

ቤት እንዳለኝ ጠየቁ፤ አለኝ፣ ወረታ፣ አልኩ። ሚስትስ? አለችኝ። "እ—ህ" አሉ፣ ድምፃቸውን አርዝመው። ምሳቸውን ሊያካፍሉኝ ቢሉ ከሰው ላለመቀበል ለራሴ ቃል መግባቴን ነገርኳቸው። "ኸሰው ያልተቀበልህ ኸማን ልትቀበል ነው?" ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ማስቀየሜ ገባኝ። አንድ ሰው ማሳቸው ዳር ጦሙን ሲያድር እያዩ እሳቸውስ እንዴት ብለው ይጉረሱ?

ዘዴውንም ያመጡት ራሳቸው ናቸው። ነገ አጨዳ አላቸው፣ በወንፈል። ዛሬ ያንተን፣ ነገ የኔን እየተባባሉ በተራ የሚረዳዱበት ነው። "ዋልና ብላ። ይኸ ልመና አይደለም፣ ድርሻህ ነው። እሳት ደግሞ የማንም አይደለችም፤ ና ውሰድ።"

ሕጉ ተሻሽሏል። ፍሙን በጣሳ ተሸክሜ መጣሁ። ውሃ አፈላሁ። ትኩስ ውሃ በጨው እንዲህ እንደሚጥም ማን ነግሮኝ!

ዓርብ

አጎበሩ ውስጥ አደርኩ፤ እንደ ንጉሥ።

አመልካች ጣቴ በማጭድ ተቆርጧል፤ ጥልቅ አይደለም። አሥር ሰው ተሰልፎ ያጭዳል፤ እኔ ከመጨረሻ፣ ከሁሉም ኋላ። ነዶዬን ሳስር ይፈታል። አንዱ አጫጅ "በዚህ ልጅ እጅ ኸሆነስ አጨዳውን ጥምቀት ላይ እንጨርሳለን" ብሎ ሁሉንም አሳቃቸው። ወገቤ የሌላ ሰው ወገብ ይመስለኛል።

ምሳ ላይ ግን ሽሮው በትልቅ ጣባ ሲቀርብ እኔም እጄን ታጥቤ ከመሐል ተቀመጥኩ። ድርሻዬ ነው። እንደ ዛሬ በልቼ አላውቅም።

እየበላን አንዱ "ኸወዴት ነህ?" ብሎ ጠየቀኝ። "ከወረታ" አልኩ። አላሰብኩበትም። የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ሲጠይቀኝ "ከአዲስ አበባ" ነበር የምለው። ጉርሻው አፌ ውስጥ ቆመ። እዚያው፣ ሩዝ መሐል፣ ገባኝ። መሄድ አልፈልግም። በፍጹም አልፈልግም።

ግን ከእናቷ ጋር ልትሆን ያለችን ሴት ቅሪ ልበል? በምን አፌ?

ከዚያ የአያ ደምሴ ባለቤት እማማ ጥሩዬ የሚስቴን ስም ጠየቁኝ። መሠረት፣ ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው አልኩ። የያዙትን ጭልፋ አስቀመጡ።

"ሲስተር መሠረት? በጎርፉ ጊዜ በታንኳ መጥታ ምራቴን ያዋለደችው?"

ያን ቀን አስታውሳለሁ። ሐምሌ ነበር። ልብሷ በስብሶ ነው ወደ ቤት የገባችው። "ዝናብ መታኝ" ብላ ተኛች። ሌላ ምንም አልተናገረችም። ዛሬ ከሰው አፍ ሰማሁት፤ ኩራትና እፍረት አንድ ላይ ያዘኝ።

"እሷን የመሰለች አስቀይመህ ነው ሜዳ ለሜዳ የምታድረው!" አሉኝ እማማ ጥሩዬ። አልተጣላንም ብዬ ማልኩ፤ አንድም ሰው አላመነኝም። አያ ደምሴ ማጭዳቸውን ይስሉ ነበር።

ማምሻውን ዓሣ ያዝኩ! አንዲት ቀረሶ፣ መዳፍ የምታክል። ግን ዓርብ ነው። ዓሣ ለጾም ይሆናል አይሆንም የሚለውን ክርክር ከእሷ ጋር ልጀምር አልኩና፣ ዓይኗን ሳይ ተውኩት። በጣሳ ውሃ ውስጥ አሳደርኳት።

ቅዳሜ

ቀረሶዋን በላሁ። ግማሿ አሯል፣ ግማሿ ጥሬ ነው፣ መሐል ላይ ያለችው ጣት የምታክል ሥጋ ግን ሆቴል አይሠራትም።

ማማው ላይ ዛሬ እማማ ጥሩዬ ናቸው። ወንጭፋቸው ከባለቤታቸው ወንጭፍ ይበልጥ ዒላማ ይመታል።

"አያ ደምሴ ወዴት ሄዱ?"

"ወረታ። ኸቄስ አዳነ ጋር፣ ለሽምግልና።"

"ማን ተጣልቶ ነው?"

ከላይ ሆነው በወንጭፋቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። "አንተ ነህ እንጂ!" አሉ።

ጉድ ፈላ። ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው በማለዳ ወጥተዋል፤ እስከ አሁን ቤቴ ደርሰዋል። ወረታ በእግር ሁለት ሰዓት ነው፤ ብሮጥም አልደርስባቸውም።

መሠረት አሁን ምን እያሰበች ይሆን፦
ሽማግሌ የላክሁት እኔ ነኝ ብላ።
ሜዳ ወጥቼ ስሟን ሳጠፋ ሰነበትኩ ብላ።
ሳቀች። (ቢሆንልኝ!)
አልሳቀችም።

ቀኑን ሙሉ መንጠቆውን ሳልነካ ዋልኩ። አንድ ነገር ይከነክነኛል። አንድ ሰው ሚስቱን፣ አልጋውንና አጎበሩን ትቶ ላስቲክ ስር ሲያድር ተጣልቶ ነው ብሎ ማሰብ ምኑ ላይ ነው ስህተቱ? እኔ ነኝ ፈተና ነው፣ ልምምድ ነው ያልኩት። ከዚያች ወረቀት ሸሽቼ ቢሆንስ የመጣሁት? ፈራሁ። ከብርዱም ከረሃቡም ይልቅ ይሄ አስፈራኝ።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ቄስ አዳነ ከፊት፣ አያ ደምሴ ከኋላ፣ መሠረት ከመሐል፣ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ፣ ጭቃው እስከ ጉልበቷ። ያበጠ ፊቴን ስታይ መጀመሪያ ያለችው "አጎበሩን አላገኘኸውም?" ነው።

"የሰቀልኩት በሁለተኛው ቀን ነው።"

"አውቄ ነበር" አለች።

ሾላው ስር ተቀመጥን። ቄስ አዳነ መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው የጠቡን ምክንያት ጠየቁኝ። አልተጣላንም አባ፣ አልኩ።

"የተጣላ ሁሉ መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚል። አንቺስ ልጄ?"

"አልተጣላንም፤ አልተነጋገርንም እንጂ" አለች።

"ኸዚያ አይብስም?" አሉ አያ ደምሴ።

የሽምግልና ሥርዓት ነውና አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም። ቡፌ የለ፣ ስኳር ዕቃ የለ፣ የጎረቤት ውሻ የለ፤ መሸሻ አልነበረኝም። "መሄድ አልፈልግም" አልኩ። ሁለት ቃል ናት፤ ሁለት ሳምንት ከአፌ ያልወጣች። እናቷ እዚያ ስላሉ ቅሪ ማለት ከብዶኝ መሆኑንም ተናገርኩ።

ተራው የእሷ ሆነ። ለእኔ ሳይሆን ለቄሱ ነበር የምትናገረው።

"አባ፣ ማመልከቻውን ያስገባሁት በመጣን በመጀመሪያው ክረምት ነው። ጎርፍ ቤት ገብቶ መጻሕፍቱን ሲያበላሽበት 'ይሄ የቢንቢ አገር፣ ይሄ ረግረግ' እያለ ተራገመ። በየዓመቱ ይራገማል፤ በየዓመቱ አድሳለሁ። ባለፈው ሐምሌም ሲራገም ነበር። ያደረግሁት ለእሱ ብዬ ነው።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ምን ልበል? ብያለሁ። የምወደውን ነገር ካልነጫነጭኩበት የማልወደው የሚመስለኝ ሰው ነኝ። እሷ ግን ከልቤ መስሏት ስድስት ዓመት ስታዳምጠኝ ኖራለች።

ያዳኑኝ አያ ደምሴ ናቸው። "እኔም ይኸን ሜዳ ስረግመው ስድሳ ዓመት አለፈኝ። እንግዲህ ማን ሊያዛውረኝ ነው?" አሉ። መሠረት በሳቅ ፈነዳች። ሳቋን ከሰማሁት ሁለት ሳምንት ሆኖኝ ነበር፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ያበጠው ዓይኔ ነው አልኳቸው።

ሳቋን ስትጨርስ ግን "እናቴም አርጅታለች አባ፤ ይሄም እውነት ነው" አለች።

የቄስ አዳነ ፍርድ ይህ ነበር፦ "አጎበር የከተተች ሴት ባሏን አላባረረችም፤ ይኸ ሰው ራሱን ነው ያባረረ። ዛሬ ታርቃችኋል። ስለ ደብዳቤው ቤታችሁ ገብታችሁ ተነጋገሩ፤ እኛን አይመለከትም። ቅዳሜ ግን ለቀረው አጨዳ ሁለታችሁም ኑ። ወንፈል በልታችኋል።"

"እኔ አልበላሁም!" አለች መሠረት። ማሳው ዳር ቆመው ሲያዳምጡ የነበሩት እማማ ጥሩዬ ወዲያው ምሳ አቀረቡ።

ውጤት፦ አራት ሌሊት ሞልቷል። ዓሣ አንድ። አልቅት አምስት። ወደ ቤት የሄድነው በእግር ነው፤ መንገዱን ሙሉ አወራን፤ ስለ ደብዳቤው ግን ግማሹን ብቻ። ሐሳቧን አልቆረጠችም። "ልደርበት" አለችኝ።

ሰኞ

ስነቃ መሠረት ወጥታለች። የስኳር ዕቃውን አነሳሁ። ደብዳቤው የለም።

ቢሮ ስደርስ ሁሉም ፊቴን አይቶ ሳቀ፤ አብሬ ሳቅኩ። ልቤ ግን ጤና ጣቢያ ነበር። ሪፖርቱን ከፍቼ አንድም መስመር ሳልጽፍ ዋልኩ። ብትሄድ አብሬያት እሄዳለሁ፤ ይህን ምሳ ሰዓት ላይ ቆርጫለሁ። ይከፋኛል፣ ግን እሄዳለሁ። ስለ አዲስ አበባም እነጫነጫለሁ።

ቤት ስገባ ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት ትከትፋለች። "ጠረጴዛው ላይ ያለውን እየው፤ የረሳሁት ካለ ጨምርበት" አለችኝ። በእጅ ጽሑፏ፦

ለቅዳሜ
ማጭድ ሁለት (ከአያ ደምሴ)
ጨው
ፋሻና አዮዲን (ለጣትህ)
አጎበር፣ ትልቁ
ለእማዬ መደወል፤ ለገና ትምጣ፣ ሁለት ወር ትቀመጥ፣ አገሩን ትየው

ወረቀቱን ገለበጥኩት። ማኅተም አለበት። "የዝውውር ጥያቄዎን ይመለከታል" ይላል።

ብዙ ጊዜ ቆሜ አየሁት መሰለኝ፤ "ምነው፣ የረሳሁት አለ እንዴ?" አለች ከጓዳ።

"አንድ ነገር" አልኩ። ተቀምጬ ከታች ጻፍኩበት፦ ክብሪት፣ በላስቲክ የተጠቀለለ።