ማጀቴ የሄደው ዲስክ

ለልጄ ለፈትያ፣ ጅዳ።

ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። አሁንም ሽንኩርቴን ራሴ አጠጣለሁ፣ ለሱብሂ ያለ ከዘራ መስጊድ እደርሳለሁ፣ ይሄንንም ደብዳቤ ማንንም ሳልለምን በገዛ እጄ እጽፋለሁ። ፊደሉ ከተንጋደደ አንቺው አቃኚው። አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነሽ ልጄ? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? ማዳምሽስ እንቅልፍ ታስተኛሻለች? የምትበይው ይስማማሻል? እኛ በአካላችን አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ልቤ ግን ደህና አይደለም፤ ፈርቻለሁ።

ማዳምሽ ስልክ ስለማታስይዝሽ፣ የእህትሽን የናጅዋን ሰርግ ክፍልሽ ባለው አሮጌ ዴክ ላይ የሚታይ አድርጋችሁ ላኩልኝ ብለሽ አልነበር? እንደምታውቂው የሂናው ለት ሴቶቹ ሻሻቸውን ጥለው ነው የሚጨፍሩት፤ ወንድ ደጃፉን አይረግጥም። አክስትሽ ሰይዳና ሰባት የሰፈራችን ሴቶች መቀረጹን እምቢ ብለው ነበር። እኔ ነኝ ደጅ ቆሜ፣ «ለፈትያ ብቻ ነው፤ ወንድ ካየው በኔ ይሁን» ብዬ ቃል የገባሁት። የቀረጸችውም የጎረቤታችን ልጅ መሊካ ናት። ዲስክ የሚገለብጡት ወንዶች ናቸውና እሱንም ፈርተን፣ መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር ላላት ለሐምዲያ ወሰድኩላት።

መጀመሪያ የሰጠችኝን ዴካችን አላነብም አለ። ይዤ ተመለስኩና ተቆጣሁ። እሷም ሳቀችና፣ «አባባ፣ ያ ለኮምፒውተር ነው። ለቤት ዴክ በሌላ ዓይነት ነው የሚገለበጠው፣ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ቀድመው አይነግሩኝም?» አለችኝ። በማግስቱ ሦስት ዲስክ ሰጠችኝ፤ ሁለቱ የወንዶቹ፣ አንዱ የሴቶቹ። ከወንዶቹ አንዱ ላንቺ፣ አንዱ ለናጅዋ ባል አባት ለሼህ ሷሊሕ ነው። ምንነታቸውን የጻፈችው በወረቀት ከረጢታቸው ላይ እንጂ በዲስኩ ላይ አይደለም። «ሞክሬያቸዋለሁ፣ እንዳያወጧቸው» ብላኝ ነበር። እኔ ግን አንዴ ተመልሻለሁና አላመንኳትም። ቤት ገብቼ ሦስቱንም በየተራ ሞከርኩ። ሁሉም ሲጀምር ያው ጽጌረዳና የሙሽሮቹ ስም ነው የሚወጣው። የሴቶቹን ማየት ለኔም አይገባምና ጽጌረዳውን ሳይ፣ ሠርቷል ብዬ አወጣለሁ። ከዚያ ወደየከረጢታቸው መለስኳቸውና የሼሁን ናጅዋ ወደተዳረችበት ወደ ማጀቴ ከተማ ለሚሄድ ሰው ሰጠሁ።

ረቡዕ ሴቶቹ የራሳቸውን ሊያዩ ቤታችን ተሰበሰቡ። እኔ ደጅ ተቀምጫለሁ። ጥቂት ቆይቶ ሰይዳ ከውስጥ ጮኸች፤ «ጋሼ! እኛ የት አለን? ይሄማ የናንተ ጢም ነው!» ሴቶቹ ሳቁ። እኔ ከደጅ ሆኜ ላንቺ የተመደበውን የወንዶቹን አስከፈትኩ፤ እሱም የወንዶቹ ሆነ። ስመልሳቸው ከረጢታቸውን አቀያይሬያለሁ፤ የሴቶቹ እንግዲህ ማጀቴ ነው ያለው ማለት ነው። ሼህ ሷሊሕ ደግሞ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌዎች ጠርተው ሊያሳዩ ነበር። ናጅዋ እዚያ ቤት ከገባች ገና አርባ ቀኗ። ሴቶቹ ምን ሆነ ሲሉኝ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ «ሐምዲያ ተሳስታ ነው» አልኩ።

ኀሙስ ጎህ ሲቀድ በሚኒባስ ካራቆሬ፣ ከዚያ ማጀቴ። መንገዱን ሙሉ ከንፈሬ አላህ ይቅር በለኝ እያለ ኢስቲግፋር ያደርጋል፣ ልቤ ሌላ ያስባል። ሼሁ በክብር ተቀበሉኝ። «ዲስኩን ልለውጥልዎ ነው የመጣሁት» አልኩ፤ ለምን እንደሆነ መናገር አቃተኝ። እሳቸውም ከቁም ሳጥን አውጥተው ሰጡኝና፣ ወደ ግድግዳው እያዩ፣ «የኛ ዴክ አላነበበውም። ማንም አላየውም» አሉኝ።

ልጄ፣ ማን አየው ብዬ መች ጠየቅኋቸው? ናጅዋ ውሃ ስታቀርብልኝ ቀና ብላ አላየችኝም። አፍራ ነው ወይስ ሙሽራ ስለሆነች? ቤት አምጥቼ ዴካችን ላይ ብከተው ጽጌረዳው ፏ ብሎ ወጣ። ምናልባት የሳቸው ዴክ በእውነት አላነበበ ይሆናል። ምናልባትም አይተው፣ ገበናችንን የሸፈኑ ጨዋ ናቸው። ወይም በሆዳቸው ይዘውታል፤ አንድ ቀን ናጅዋ ድስት ስታሳርር ይወጣ ይሆናል። እኔ አላውቅም። ከማጀቴ መኪና በመጣ ቁጥር ናጅዋ ሻንጣዋን ይዛ የምትወርድ ይመስለኛል።

ይሄን በስልክ የማልነግርሽ ስልክሽ ማዳምሽ እጅ ስለሆነ ነው። ደብዳቤውንና የወንዶቹን ዲስክ ከሚስቱ ጋር ወደ ጅዳ የሚመለሰው ሙሳ ይዞልሻል፤ የሴቶቹን ሚስቱ በልብሷ መሀል ጠቅልላዋለች። ስታዪው በርሽን ዝጊ። ሰይዳ ጉንጭሽን ስማሻለች፤ መሊካ ጭፈራዬን እንዳትስቂብኝ ብላለች፤ ታናሽ ወንድምሽ ካሚል ሰላም ይልሻል፣ ስለዚህ ነገር ግን ምንም አያውቅም።

ሽማግሌ ላስልክልህ እንዳትይኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ዕዳውንም ራሴ ነኝ የምወጣው፣ ኢንሻአላህ። ለሰይዳና ለሰባቱ ሴቶች በየደጃቸው ቆሜ፣ ቃሌን አልጠበቅሁም፣ አፉ በሉኝ እላለሁ። ለሐምዲያ፣ ስሟ በሐሰት ሲነሳ የሰሙት ሴቶች ሁሉ ባሉበት፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ማለት አለብኝ። ለሼህ ሷሊሕ ያን ለት የዋጥኩትን እውነት። ለናጅዋ ደግሞ፣ ብቻዋን ሳገኛት፣ አንገትሽን ቀና አድርጊ፣ ያጠፋው አባትሽ ነው ማለት።

አባትሽ ሀሩን
ሸዋ ሮቢት፣ የካቲት 17 ቀን 2010 ዓ.ም.