ስለ ወይዘሮ ባርኬ ሙሒዲን ሕልፈትና ስለ ሠላሳ አንዱ ሌሶዎች

ከምቢራኒ የእጅ ጥበብ ማኅበር
ለማኅበሩ አባላትና ሠራተኞች፣ ለምቢራኒና ለአጎራባች ደሴቶች ነዋሪዎች በሙሉ

የማኅበራችን መሥራች አባል፣ የኤሌክትሮኒክስ ጥልፍ ክፍልን ያቋቋሙትና የመሩት ወይዘሮ ባርኬ ሙሒዲን ባደረባቸው የልብ ሕመም በቤታቸው ሲታመሙ ቆይተው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2 ቀን 2024 በስድሳ አንድ ዓመታቸው ወደ አኺራ ሄደዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም በዕለቱ ከዐሥር ሶላት በኋላ በምቢራኒ ተፈጽሟል። ማኅበሩ የተሰማውን መሪር ሐዘን ይገልጻል።

እንዲህ ያለ መግለጫ እንደ ወጉ ሐዘኑን ተናግሮ፣ የሟቹን ሥራ ዘርዝሮ፣ ለቤተሰቡ መጽናናትን ተመኝቶ ያበቃል። እኛም መጀመሪያ የጻፍነው እንዲሁ ነበር። ረቂቁ በሥራ አስፈፃሚው ፊት ሲነበብ ግን ከወይዘሮ ባርኬ ሕይወት አሥራ አንድ ዓመት እንደጎደለው ታየ። ያጎደልነው እኛው ስለሆንን መልሰን ጽፈነዋል።

ወይዘሮ ባርኬ በ1963 በላሙ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በገበያው ጎን ሬድዮ ይጠግኑ ነበር፤ እናታቸው የወንዶች ቆብ ይጠልፉ ነበር። ቤታቸው አንድ ክፍል ስለነበረ መርፌውና የብየዳው ብረት የሚያድሩት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ነበር። በ1982 ሞምባሳ ወርደው በኤሌክትሮኒክስ ሠለጠኑ። በክፍሉ ከነበሩት ሁለት ሴቶች አንዷ እርሳቸው ነበሩ።

በ1991 ወደ ደሴቶቹ ተመልሰው፣ ከተበላሹ ሬድዮዎች ውስጥ የተፈታ፣ ፀጉር የሚያህል ቀጭን የመዳብ ሽቦ ከጥጥ ክር ጋር ማክረር ጀመሩ። በዚሁ ክር የጠለፉት ቆብ ከአምስት ዓመት በኋላ በሞምባሳ ዐውደ ርዕይ ቀረበ። ጥልፉን በጣት ሲነኩት አበቦቹ አንድ በአንድ ያበሩ ነበር። ብዙ ሽማግሌዎች ቆቡን ለመሞከር ተሰልፈው እንደነበር የዚያን ጊዜ ፎቶግራፎች ያሳያሉ።

በ2003 ለዓይነ ሥውራን ልጃገረዶች ትምህርት ቤት የዘንባባ ምንጣፍ ሠሩ። ምንጣፉ ሲረገጥ በዚያ በኩል ያለውን ክፍል ስም በወይዘሮ ባርኬ ድምፅ ይናገራል። ልጃገረዶቹ «አክስቴ» ብለው ሰየሙት፤ ሆን ብለው አንድ ቦታ ላይ እየዘለሉ «አክስቴ ዛሬ ወጥ ቤት ብቻ ነው የምታወራው፤ ርቧታል» እያሉ ይስቁ ነበር። ወይዘሮ ባርኬ በየወሩ በጀልባ እየሄዱ የሚላላውን ሽቦ ያጠብቁ ነበር። ምንጣፉ እስከ ዛሬ ይሠራል።

በ2009 በማኅበራችን ግቢ ክፍላቸውን ከፍተው ለአሥራ አራት ሴቶች ጥልፍንና ብየዳን አንድ ላይ አስተማሩ።

በ2012 የመልስ ሌሶን አወጡ፤ ሌሶ ሴቶቻችን ትከሻቸው ላይ ጣል የሚያደርጉት የጥጥ ልብስ ነው። ሴቶቻችን ዓሣ አጥማጅ ባሎቻቸው ከኮራሉ ዓለት ወዲያ ሲሆኑ ምን እንደሚሰማቸው ለምቢራኒ ሰው መንገር አያስፈልግም። ወይዘሮ ባርኬ በየጀልባው ምሰሶ ላይ ትንሽ ሳጥን አሰሩ፤ በዓለቱ በር፣ ጀልባዎች በሚያልፉበት ክፍተት፣ የሳጥኑን ምልክት የሚቀበል እንጨት ተከሉ። ጀልባው ወደ ቤቱ ሲመለስ በሩን ባለፈ ጊዜ የዚያ ጀልባ ካፒቴን፣ የናኹዳው፣ ሚስት የለበሰችው ሌሶ ትከሻዋ ላይ ይሞቃል። የሌላ ጀልባ ከሆነ አይሞቅም። እንደማንኛውም ሌሶ ጠርዙ ላይ ቃል ነበረበት፤ «ሳይነግሩኝ ዐወቅሁ» ይላል። ሠላሳ አንድ ሌሶ ተሠራ። ከኦክቶበር እስከ ፌብሩዋሪ በነበሩት ደረቅ ወራት አንዱም አልተሳሳተም።

ከዚህ በታች ያለው ማርች 4 ቀን 2013 ከተያዘው ቃለ ጉባኤ የተወሰደ ነው። እስከ ዛሬ ለአባላት ቀርቦ አያውቅም።

ወይዘሮ ባርኬ፦ «ሌሶው የክረምቱን ነፋስ፣ ኩሲን፣ ገና አላየም። የደቡብ ነፋስና ጨዋማ ዝናብ ያልመታውን ዕቃ ሠርቻለሁ ማለት አልችልም። አንድ ክረምት ስጡኝ።»

የዚያን ጊዜው ሊቀ መንበር አቶ አትማን ላሊ፦ «ሌሶውን ሊያዩ የተጋበዙት እንግዶች ኤፕሪል ላይ ይመጣሉ። ክረምቱ እስኪያልፍ ባሕሩ ላይ ቁሙ ልበላቸው?»

ወይዘሮ ባርኬ፦ «ሌሶውን አሳዩአቸው። ዘርግታችሁ አሳዩአቸው። ሴቶቹ ትከሻ ላይ ግን አታድርጉት።»

አቶ አትማን፦ «ፉንዲ፣ ባለሙያችን፣ ያንቺ እጅ የነካው ነገር መቼ ተበላሽቶ ያውቃል? ባለሙያ ሲያረጅ ይፈራል ይባላል፤ አንቺ ገና ልጅ ነሽ።»

ወይዘሮ ባርኬ፦ «ቆቡ ባያበራ ሰው ይስቃል። ይኼ ቢሳሳት ሰው ባሕር ላይ ይቀራል።»

ቃለ ጉባኤው በዚህ ቦታ «ተሳቀ» ይላል። ከዚያ ድምፅ ተሰጠ፤ ዘጠኝ ለአንድ። ይህን መግለጫ ከምንፈርመው መካከል ሦስታችን ከዘጠኙ ነን።

ሌሶዎቹ ኤፕሪል 20 ቀን በእንግዶች ፊት ታደሉ።

ጁላይ 17 ቀን 2013 ከቀትር በኋላ ነፋሱ በረታ። ሦስት ጀልባዎች ሳይመለሱ ቀሩ፤ ሽማግሌዎችም አፈላላጊ ለመላክ ባሕሩ ዳር ተሰበሰቡ። ለአሥራ ሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ የናኹዳ ቧናኸሪ ሼ ባለቤት ወይዘሮ ምዋናኢዲ ሌሶዋ ትከሻዋ ላይ ሞቀባት። ወጥታ ለጎረቤቶቿ ተናገረች። አንድ ሽማግሌ ቤቷ ድረስ መጥተው ጠየቋት።

«እርግጠኛ ነሽ ልጄ?»

«ይንኩት፤ ገና አልበረደም። በሩን አልፈዋል፤ ሩዙ ሳይበስል ይደርሳሉ።»

ሽማግሌው ነኩት፤ ሞቅ ብሎ ነበር። ተመልሰውም «የቧናኸሪን ተዉት፤ ገብቷል። የቀሩትን ሁለት ፈልጉ» አሉ። ለአፈላላጊነት የተላኩት ሁለት ሞተር ጀልባዎች ወደ ሰሜን ሄዱ። የጠፉትን ሁለቱንም ጀልባዎች ከነሰዎቻቸው ጎትተው አመጡ።

መግሪብ ሲሰገድ ቧናኸሪ አልታየም። ነፋሱን ሽሽት ማንግሮቩ ጥግ መልሕቅ ጥሎ ይሆናል ተባለ። በሩን አልፏልና ማንም አልሰጋም። በማግስቱ ቀትር ላይ ጀልባው ከዓለቱ ውጭ፣ በስተደቡብ፣ ተገልብጦ ተገኘ። አራቱም ሞተዋል። አስከሬኖቹን ያየው ሐኪም ቢያንስ ሁለቱ ጎሕ እስኪቀድ ድረስ በሕይወት እንደነበሩ ጽፏል።

ጁላይ 29 ቀን ማኅበራችን መግለጫ አወጣ። «ጉድለቱ የባለሙያዋ የግል ጉድለት ነው፤ ማኅበሩ ሥራው አለመጠናቀቁን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረም» ብለን ጻፍን። መግለጫው በገበያው፣ በመስጊዱ ደጅና በወደቡ ተለጠፈ። ወይዘሮ ባርኬ ቃለ ጉባኤውን አውጥተው ማሳየት ይችሉ ነበር፤ ቅጂው በእጃቸው ነበር። አላሳዩም። አንዲት ተማሪያቸው ለምን ዝም እንዳሉ ብትጠይቃቸው «ዘጠኙ እጃቸውን አወጡ እንጂ ክሩን የቋጠርኩት እኔ ነኝ» ብለዋታል።

በዚያው ሳምንት በየቤቱ እየዞሩ ሌሶዎቹን ሰበሰቡ። ሠላሳው ተመለሰላቸው። አንዳንዱ በር ላይ ተወረወረላቸው። ሠላሳ አንደኛውን ሊጠይቁ ወደ ወይዘሮ ምዋናኢዲ ቤት የገቡት በመጨረሻ ነው። የሆነውን ወይዘሮ ምዋናኢዲ ራሷ ለማኅበሩ የተናገረች ሲሆን፣ እንዲጻፍ ፈቅዳለች።

«ልፈታው ይገባል» አሏት ወይዘሮ ባርኬ። «ስሕተቱ ያለው በዚህኛው ውስጥ ነው። ሌሎቹ አይነግሩኝም።»

«አልሰጥሽም።»

«ልጄ፣ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ልሙት?»

«እትዬ ባርኬ፣ በሩ ካልደረሰ አይሞቅም ብለሽን ነበር። ሞቋል። በሩ ድረስ መጥቷል ማለት ነው። ወደ ቤቱ እየመጣ ነበር። ከፍተሽ ስታበቂ ‹ውሸት ነበር፣ ጨው ነበር› ልትይኝ አይደለም? ይህቺን አትውሰጂብኝ።»

ወይዘሮ ባርኬ ተነሥተው ወጡ። ሁለተኛ አልጠየቁም።

የሌሶውን ጉድለት ሊያሳይ የሚችለው ሌሶው ብቻ ነበር፤ እርሱን ፈትቶ ማየት ደግሞ ለዚያች ሴት የቀራትን ነገር መፍታት ነበር። ለወይዘሮ ባርኬ የቀሩላቸው ሠላሳዎቹ ብቻ ሆኑ። የማስተማሪያ ክፍላቸውን ዘጉ። ከውጭ የመጣላቸውን ሁለት የዐውደ ርዕይ ጥሪና አንድ ሽልማት መለሱ። በየዓመቱ ኩሲ ሲነሣ ሠላሳውን ሌሶ በቤታቸው ጣሪያ ላይ በገመድ ዘርግተው፣ ጨዋማውን ነፋስና ዝናብ እያስመቱ፣ ማለዳና ማታ አንድ በአንድ በእጃቸው ይዳስሱ ነበር። የጀልባ ምልክት ሳይደርሰው የሞቀ እንደሆነ ለማወቅ ነው። በአሥራ አንድ ክረምት አሥራ አንድ ደብተር ሞሉ። ደብተሮቹ ዛሬ በማኅበሩ እጅ ናቸው። ገጹ ሁሉ ቀንና የሌሶ ቁጥር ነው፤ ከቁጥሩ ጎን አንድ ቃል ብቻ አለ፤ «ምንም»። ሠላሳዎቹ አንድም ቀን አልተሳሳቱም።

እኛ በዚያ ጣሪያ ሥር እናልፍ ነበር። የተሰጣውን ሌሶ እያየን እናልፍ ነበር። ማኅበሩ በነዚያ ዓመታት ለወይዘሮ ባርኬ የጻፈው አንድም ደብዳቤ በመዝገባችን የለም።

በሐዘኑ በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ ምዋናኢዲ ሌሶዋን አጥፋ ይዛ ወደ ሟች ቤት መጣች። «ትፈልገው ነበር፤ ፍቱት» አለች። ከቀድሞ ተማሪዎች ሁለቱ ጠርዙን ተረተሩ። ሌሶው አሥራ አንድ ዓመት ተለብሷል፤ በየሳምንቱ ታጥቧል። ሽቦው አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ ጣታቸው ላይ ቀረ። ከዚያ ዱቄት የሚነበብ ነገር የለም። በዚያ ቀን ሌሶውን ያሞቀው ጨው ይሁን፣ ወይስ ጀልባው በርግጥ በሩን አልፎ ማዕበሉ መልሶ አውጥቶት ይሁን፣ አይታወቅም። ከእንግዲህም አይታወቅም። ወይዘሮ ምዋናኢዲ የተረተረውን ጨርቅ ሰብስባ፣ «እኔም በየዓመቱ ልሰጣት እያልሁ ነበር» ብላ ሄደች።

ስለዚህ ማኅበሩ የሚከተለውን ያስታውቃል። የጁላይ 29 ቀን 2013 መግለጫ ሐሰት ነበር። ማኅበሩ ሥራው አለመጠናቀቁን ያውቅ ነበር፤ ባለሙያዋ በቃል ነግረውት፣ ጽፎ ፈርሞበታል። መግለጫው ተሽሯል። የመሻሪያው ጽሑፍ የመጀመሪያው በተለጠፈባቸው ሦስት ቦታዎች ተለጥፏል።

ይህንኑ ለቤተሰቡ ለማንበብ ወደ ሐዘኑ ቤት ሄደን ነበር። የሟች ታላቅ እህት ወይዘሮ ዙሁራ ቆመው ሰሙን። «ሰምቻለሁ» አሉ። «ጥሩ ተጽፏል። አሁን ለእሷ ሄዶ የሚነግራት ከመካከላችሁ የትኛው ነው?»

ለወይዘሮ ዙሁራ፣ ለመላው ቤተሰብ፣ ለአሥራ አራቱ ተማሪዎቻቸውና ለትምህርት ቤቱ ልጃገረዶች ሐዘናችንን እናቀርባለን። በ2013 ያወጣነው መግለጫ «የደረሰው አደጋ» ብሎ አልፎ የአራቱን ሰዎች ስም አልጻፈም ነበር። ናኹዳ ቧናኸሪ ሼ፣ ፋማው ካሌ፣ ሻሊ አቡበከር እና ኦማሪ ዲኒ ናቸው። ለእነርሱና ለወይዘሮ ባርኬ አላህ ይዘንላቸው። ለአምስቱም ቤቶች መጽናናትን ከእርሱ እንለምናለን፤ ከእኛ የሚገኝ አይደለምና።

የምቢራኒ የእጅ ጥበብ ማኅበር ሥራ አስፈፃሚ ኮሚቴ
ምቢራኒ፣ ሴፕቴምበር 9 ቀን 2024