ቀለም መኪና አያቆምም

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ሳሉስ ለቀቀዎት? እማዬስ መነጽሯን አገኘች ወይስ አሁንም ግንባሯ ላይ ሰክታ ቤቱን ታምሳለች? እኔ ደህና ነኝ፤ ያስቸገሩኝ ናፍቆታችሁና ንዴቴ ብቻ ናቸው።

ባለፈው በስልክ አለቃሽ ያለሽን ፈርመሽ ሥራሽን ጠብቂ፣ ጎመን በጤና ብለውኝ ነበር። አልፈረምኩም። እንዳይደነግጡ ምክንያቱን ልንገርዎ።

ወደ ፋብሪካዎቹ የሚወስደውን መንገድ ዲዛይን የሠራሁት እኔ ነኝ። ለብስክሌተኞች የራሳቸውን መስመር አውጥቼ ከመኪናው በድንጋይ ጠርዝ ለየሁት። አለቃዬ ድንጋዩን ሰርዞ ነጭ ቀለም ይበቃል፣ ይኼን ወረቀት ፈርሚ አለኝ። በመሥሪያ ቤታችን ቆጠራ በዚያ የሚያልፉት አሥራ አንድ ብስክሌቶች ብቻ ስለሆኑ፣ ለእነሱ ተብሎ የመኪና መንገድ አይጠብም ነው ነገሩ።

ቆጣሪዎቻችንን ጠየቅኳቸው። ለካስ መጀመሪያ ቢሮ መጥተው የሰዓት ፊርማ ይፈርማሉ፤ መንገዱ ዳር የሚደርሱት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። የፋብሪካው ሠራተኛ ደግሞ በአንድ ሰዓት ማሽኑ ፊት ቆሟል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

በማግስቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በርጩማ ይዤ ሄድኩ። በአንድ ሰዓት ውስጥ አራት መቶ አሥራ ሁለት ብስክሌት ቆጠርኩ። አንዲት የልብስ ስፌት ሠራተኛን የጭነት መኪና መስታወት ትከሻዋን ገጭቶ ቦይ ውስጥ ሲጥላት በዓይኔ አየሁ። ተነስታ ቀሚሷን አራገፈችና የለመድነው ነው ብላኝ ሄደች። አባባ፣ ያንገበገበኝ ይኼ ነው። ጤናው ለእኔ ብቻ ከሆነ ጎመኑም ይቅርብኝ።

ቁጥሩን ሳሳየው አለቃዬ እስከ ዓርብ ካልፈረምሽ ጠረጴዛሽን ልቀቂ አለኝ።

«ቀለም መኪና አያቆምም፤ በፊርማዬ ሰው አላስገድልም» አልኩት።

ወረቀቱን መንጭቆ አጠገቤ ላለው ዲዛይነር ሰጠው። ይኼ ሰው የገዛ ጥላውን ስለሚፈራ «እሺ ጌታዬ» እያልን የምንቀልድበት ነው። የእኔን ቆጠራ ሁለት ጊዜ አነበበና ወረቀቱን ሳይፈርም ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ገፋው። እዚያ ያለችውም ገፋችው።

ለእማዬ ስለ እኔ አታስቢ ይበሉልኝ። አክስቴን ጉንጯን ይሳሙልኝ። ታናሽ ወንድሜን ደብዳቤ ስላልጻፈልኝ ጆሮውን ይቆንጥጡት፣ ከዚያ ይሳሙት። እርስዎ ደግሞ መድኃኒትዎን በሰዓቱ ይዋጡ።

ዛሬ ዓርብ ነው፤ ጠረጴዛዬን አልለቀቅኩም። ወረቀቱ አምስታችንንም ዲዛይነሮች ዞሮ ሳይፈረምበት አለቃችን ፊት ተመልሷል። ሊፈርምበት የቀረው ሰው እሱ ብቻ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ እስክሪብቶውን ይዞ ያየዋል።

ልጅዎ
ከመንገድ ዲዛይን ክፍል፣ ሁለተኛ ፎቅ
ዓርብ፣ ግንቦት 9 ቀን