የባልሽን እጅ የሰበርኩት ስለ አንድ ሚስማር ነው

ለማከብርሽና ለምሳሳልሽ ታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ያ ወገብሽ ዛሬም ልብስ ስታጥቢ ይይዝሻል ወይስ ተወሽ? እማዬስ ዓይኗ ተሻላት? ትልቋ ልጅሽ በትምህርቷ እንዴት ናት? ትንሹስ አፈር መብላቱን ተወ? እኔ ደህና ነኝ ብልሽ እዋሻለሁ፤ ሁለት የፊት ጥርሶቼ የሉም፣ ግራ ጎኔም ስስቅ ይወጋኛል። ደግነቱ ሰሞኑን የሚያስቅ ነገር አልገጠመኝም። ነፍሴ ግን አለች፣ ለዚህም ፈጣሪ ይመስገን።

የባሌን እጅ ሰብረህ ደግሞ ዝም ትለኛለህ ወይ፣ አንድ እናት አይደለችም ወይ የወለደችን ብለሽ የላክሽብኝ ቃል ደርሶኛል። እውነትሽን ነው። ዝም ያልኩት በስልክ ብነግርሽ መሃሉ ላይ ትዘጊብኛለሽ ብዬ ነው። ደብዳቤ ግን ቢቀደድም ተነብቦ ነው የሚቀደደው። እንግዲህ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ በትልቁ የዳዶ መፍቻ፣ አንድ ጊዜ መትቼ።

የምንሠራበትን ቦታ ስላላየሽው ልንገርሽ። የድንጋይ ካባው ያለው ተራራው አናት ላይ ነው። ወደዚያ የሚወጣው መንገድ፣ መንገድ ይባል እንጂ የድንጋይ ክምር ነው፤ በአንዱ ወገን ገደል፣ በሌላው ወገን ግድግዳ የመሰለ ዓለት። የሚመላለሱት አራቱም ጎማቸው የሚጎትት፣ ከመሬት ከፍ ያሉ መኪኖች ናቸው። የመኪና ጉልበት ግን ዳዶን ከመላላት አያድነውም። መንገዱ ቀኑን ሙሉ ሲንጠው የጠበቀው ይላላል፣ የላላው ይወድቃል። ከሁሉም የሚያስፈራው መሪውን ከፊት ጎማዎቹ ጋር የሚያያይዘው ዘንግ ነው። እሱ ከወለቀ ሹፌሩ መሪውን ወደፈለገው ቢያዞር ጎማው አይሰማውም። ስለዚህ እኛ መካኒኮቹ ዳዶውን ካጠበቅን በኋላ በብሎኑ ቀዳዳ ወፍራም ሽቦ አሳልፈን ጫፏን እናጥፋታለን፤ ዳዶው ልዙር ቢል እሷ ትይዘዋለች። ከዚያ ከዳዶው እስከ ብሎኑ ጫፍ አንድ መስመር ቀለም እንቀባለን። መስመሩ ከተቆረጠ ዳዶው ዞሯል ማለት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉት ለእኛ ሥራ ነው። እያንዳንዳችን የየራሳችን ቀለም አለን፣ የእኔ ቢጫ ነው። ቢጫ መስመር ያለበት መኪና ገደል ቢገባ የሚጠየቀው ሌላ ሰው አይደለም፣ እኔ ነኝ።

ባልሽ ከሹፌሮቹ ሁሉ አንደኛ ነው፤ ይህን ጠላቱም አይክደውም። እዚህ ሥራ ያስገባኝም እሱ ነው፣ ውለታውን አልረሳሁም። ኩራቱን ግን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። በሹፌሮቹ ፊት፣ የሚስቴ ታናሽ ወንድም ከሥሬ ተኝቶ ይመረምረኛል፣ ዛሬ ደግሞ ምን በሽታ አገኘብኝ እያለ ይቀልድብኝ ነበር። እኔም ጋሼ እያልኩ እስቅለት ነበር። በዚያ ቀን ጠዋት ሽቦዋ መንገድ ላይ ተበጥሳ ወድቃለች። መኪናውን ጋራዥ አምጥቶ ከእኔ ደጅ መቆሙ ሞት ሆነበት። በቦታዋ ሚስማር ሰካ። ይህም ባልከፋ፤ መስመሬ መቆረጡን እንዳላይበት ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ቢጫ ቀለም ቀባበት።

ከሰዓት በኋላ ሠራተኞቹን ጭኖ ሊወጣ ሲል እንደ ልማዴ ከሥር ገብቼ ዳበስኩት። ቀለሙ አውራ ጣቴ ላይ ቀረ። የእኔ ቀለም ከደረቀ ሰንብቷል። ጠጋ ብዬ ሳይ የሚስማሩ አናት ታየኝ። ወጥቼ ቁልፉን ስጠኝ አልኩት። ዞር በል ብሎኝ ሞተሩን አስነሳ። በሩን ከፍቼ በልብሱ ጎተትኩት። ወርዶ በጥፊ አላሰኝ፣ ደገመኝ፣ ከዚያ አንገቴን አንቆ ከመኪናው ጎን ጋር አላተመኝ። እስከዚያ ድረስ እጄን አላነሳሁም፤ ጋሼ ነዋ፣ የልጆችሽ አባት። ትቶኝ ሊገባ የበሩን እጀታ ሲይዝ ግን መፍቻውን አንስቼ በያዘበት እጁ ላይ አሳረፍኩት። አጥንቱ ሲሰበር ሰምቼዋለሁ። አንቺን አልዋሽም፣ ንዴትም ነበረብኝ፤ ያ ሁሉ የቆየ ቀልዱ ከብረቱ ጋር አብሮ ነው የወረደው።

ሠራተኞቹ ሊገላግሉ ከመኪናው ዘለው ወረዱ። ሹፌሮቹ ግን ለመገላገል አልመጡም። ጎኔን በክሪክ ዘንግ፣ አፌን በጫማ አሉኝ። ስለ ሚስማሩ ልናገር አፌን ስከፍት የወጣው ጥርስ ነው። ባልሽን ወደ ክሊኒክ ወሰዱት፤ ለአንቺም የደወለልሽ ከዚያ ሆኖ፣ የሚቀጥለውን ሳይሰማ ነው።

የስምሪት ኃላፊው፣ ላይ ያሉት ሰዎች መውረጃ አጡ ብሎ ቁልፉን ሳቂታ ለምንለው ሹፌር ሰጠው። ሳቂታ ከደበደቡኝ ውስጥ አልነበረበትም፤ እንዲያውም ውሃ ያጠጣኝ እሱ ነው። እግሩን ይዤ፣ አትሂድ፣ መሪውን የያዘው ሚስማር ነው አልኩት። ዛሬ ሁሉም ነገር ሚስማር ሆኖብሃል፣ ባዶውን ነው፣ ቀስ ብዬ እወጣለሁ ብሎ እየሳቀ እግሩን አስለቀቀኝ። መፍቻው አጠገቤ ወድቆ ነበር። አላነሳሁትም።

ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ሚስማሩ ተቆረጠ። ከጋራዡ ሆነን አየነው፤ መታጠፍ ሲገባው ቀጥ ብሎ ሄደ፣ ከዚያ ይገለባበጥ ጀመር። የደበደቡኝና እኔ አብረን ገደሉን ወረድን። በሩን በብረት ፈልቅቀን አወጣነው። መሪው ደረቱን ጨፍልቆት ነበር። ሸሚዙን አውልቆ ፊቱን የሸፈነለት ያው ጎኔን የመታኝ ሰው ነው።

ለባልሽ ሄጄ የነገርኩት እኔ ነኝ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ ፖሊስ ጥሩልኝ አለ፤ ሚስማሩም ቀለሙም የእኔ ሥራ ነው ብሎ ቃሉን ሰጠ። ማንም አላስገደደውም፣ ይህን ልብ በይልኝ። ጉዳዩ እስኪያልቅ ፖሊስ ጣቢያ ታስሯል። እጁ በጀሶ ተጠቅልሏል፣ ምግብ እኔ አመላልስለታለሁ። ይበላል፣ አያናግረኝም።

ትናንት የሳቂታ ታላቅ እህት ልብሱን ልትወስድ መጣች። ክፍሉን የከፈትኩላት እኔ ነኝ። ሸሚዞቹን አንድ በአንድ አጣጥፋ ከጨረሰች በኋላ፣ የእህቱን ባል እጅ የሰበረው አንተ ነህ አሉኝ አለችኝ። ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር አቋረጠችኝ። ለእህትህ ባሏን አትርፈህላታል፣ ምነው የእኔንም ወንድም እጅ ብትሰብርልኝ አለች። ከዚያ ሻንጣዋን አንስታ ወጣች። እትዬ፣ ለባልሽ በብረት ነገርኩት፤ ለሳቂታ በአፌ ብቻ ነገርኩት። የእኔ ሰው አልነበረማ።

ደጅሽን ብትዘጊብኝ አልቀየምሽም። እማዬን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳሚልኝ፣ የጥርሴን ነገር ግን አትንገሪያት። ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋ ሰላም በያት። ትልቋን ጎበዝ በያት፣ ትንሹን አንገቱ ሥር ሳሚልኝ። አባታችን የት ነው ብለው ሲጠይቁሽ፣ እጁን ታሟል፣ በሕይወት ግን አለ በያቸው።

ታናሽ ወንድምሽ
ከካባው ጋራዥ፣ ከሠራተኞች መኝታ ቤት
ሐሙስ፣ ሰኔ 11 ቀን