ከመኪናዋ ፊት የምትቆመው እናታችን ናት

ኦሃዮ፣ ሐምሌ አጋማሽ

ለታላቅ ወንድሜ፣

ይህ ደብዳቤ ጉልበትህ ሻል ብሎህ፣ ቤተሰብህም ሁሉ በደህና እያለ እንዲደርስህ እመኛለሁ። ኢንዲያና ዘንድሮ ዝናብ አጥሯታል ሲሉ ሰማሁ፤ በቆሎህ እንዴት ሆነ? እኛ ደህና ነን። እማማ ባለፈው ሳምንት ሰማንያ አንድ ዓመት ሞላት። ኬኩን ራሷ ጋገረች፣ ሻማ እንዳናበራ ግን ከለከለችን። በሕይወቴ ያየሁት እሳት ይበቃኛል ብላ ሳቀች። እኛም ኬኩን ያለ ሻማ ቆረስን።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ቅዳሜ በድሮ መኪኖች በዓል ላይ የአባባን መኪና ሳስነሣ እማማ ከፊት የምትቆም ከሆነ አልመጣም፣ ስሜንም ከመኪናዋ በር ላይ ፋቂው ብለሃል። መልሴን ሳልሸፋፍን ልንገርህ። እማማ ትቆማለች። መሪው ላይ እኔ እቀመጣለሁ። ስምህንም አልፍቅም። በሩ ላይ የተጻፈው «ኮቫሊክ እና ልጅ» ነው፤ «እና ልጅ» የሚለውን መፋቅ የእኔ ሥልጣን አይደለም። ከሥሩ ግን የእማማን ስም «ዶሎረስ ኮቫሊክ» ብዬ አስጽፌያለሁ፣ ካንተ ፊደል በለጥ ባለ ፊደል።

ለበዓሉ አዘጋጅ ለሬይ መደወልህንም አውቄአለሁ። ሰውዬው ማክሰኞ ደውሎልኝ፣ ወንድምሽ ሰግቷል፣ አሮጊቷ በዚያ ጭስ መሀል መቆም ይችላሉ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እማማ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችው። «አንተ ልጅ፣ አባትህን እዚያው ሜዳ ላይ አቧራ ስናስቅመው የት ነበርክ? ሽንት ጨርቅ ውስጥ! ይልቅ ቅዳሜ ያንን ቦርጭህን ከመስመሩ ላይ አንሣልኝ» አለችው። ሬይም «እሺ እመቤቴ» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

እማማ ያኔ እንዴት ትሠራ እንደነበር የረሳኸው ስለመሰለኝ ልጻፈው። አባባ ከመኪና ሩጫው በፊት የኋላ ጎማዎቹን ውኃ ላይ አሽከርክሮ ሲያሞቅ ሜዳው በነጭ ጭስ ይሸፈናል። ከዚያ መነሻውን አልፎ ስለሚሄድ ወደ ኋላ መመለስ አለበት፤ ያውም ጎማው አስፋልቱ ላይ ባተመው ጥቁር መስመር ላይ፣ ሳይዛነፍ፣ ከኋላው ያለውን ሳያይ። የሚያየው የእማማን ነጭ ጓንት ብቻ ነበር። ሌሎቹ ቡድኖች ለዚህ ሥራ አጭር ቁምጣ የለበሰች ቆንጆ ያቆማሉ። እማማ የአባባን የሥራ ቱታ ለብሳ ትቆም ነበር። ከተመልካቹ መሀል አንዱ «ቁምጣሽስ?» ብሎ ሲጮህባት፣ «ባሌ ከውስጥ ለብሶታል!» ብላ ትመልስለት ነበር። መኪናዋን መስመሩ ላይ ካስቀመጠች በኋላ እንደ ክዳን ወደ ላይ የሚከፈተውን የመኪናዋን ቦዲ ከፍ አድርጋ ሞተሩን ታያለች፤ የሚንጠባጠብ ነገር ከሌለ ዘግታ፣ የመኪናዋን አፍንጫ በመዳፏ ሁለቴ መታ መታ አድርጋ ዞር ትላለች።

ሁለት የቤታችን ሕጎችም ነበሩ። አንደኛው፣ ቡሎን ያጠበቀ ሰው እዚያው ላይ በእማማ ቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ ያደርጋል። ቀይ የሌለበት ገና አልጠበቀም ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ቦዲውን የዘጋ ሰው ስለ መኪናዋ ይጠየቃል። ሕጎቹን ያወጣው አባባ ነው፤ ቀልድ አያውቅባቸውም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1973 በጋ፣ በዚያ ቀን፣ አንደኛውን ዙር አሸንፈን ነበር። ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ፣ ኮፓውን፣ አውርዳችሁ የተበላውን የውስጥ ብሮንዚን ቀየራችሁ፤ በመጨረሻ የቀረው ከታች የሚታሰረው የዘይት ቱቦ ብቻ ሆነ። ከመኪናዋ ሥር ተኝተህ የነበርከው አንተ ነህ። ከፊታችን ያለው መኪና ተሰብሮ በድምፅ ማጉያው ተራችን ያለ ጊዜው ሲጠራ፣ አባባ «ቶሎ በል አንተ፣ ሠርግህ አይደለም!» እያለ ጮኸ። አንተም «ጨርሻለሁ» ብለህ ወጣህ። እማማ መስመሩ ላይ ቦዲውን ከፍታ አየች። ከጎኗ ነበርኩ፣ እኔም አይቻለሁ፤ ጠብ የሚል ዘይት አልነበረም። ቱቦው ደግሞ ተኝቶ ላልተመለከተው ሰው አይታይም። ዘጋች።

ሜዳው አጋማሽ ላይ የሆነውን አልደግመውም። አባባ ዘይቱ ካስነሣው እሳት ወጣ፤ እጆቹ ግን እንደ ድሮው አልሆኑም። የሜዳው ኃላፊዎች መጨረሻ ላይ ያየው ማነው ብለው ሲጠይቁ እማማ «የዘጋሁት እኔ ነኝ» አለች። ሌላ አልጨመረችም። አንተ አጠገቧ ቆመህ ነበር።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ያችን አንድ ዓረፍተ ነገር ይዘህባት ኖርክ። «ዘይቱን እያየች ዘጋችው» እያልክ በየበዓሉ ማዕድ ላይ አወራኸው። በአባባ ቀብር ላይ እንኳ ከእሷ ራቅ ብለህ ቆምክ። እሺ፣ እሳቱ ውስጥ የነበረው ማነው? አንተ ነህ? በተከታዩ ዓመት ጸደይ አባባ ያንን የተጨማደደ እጁን ይዞ ሲመለስ፣ የሌላ ቡድን ሰዎች በደግነት መስመሩ ላይ የሚመራው ሌላ ሰው ሊሰጡት ፈልገው ነበር። «ሚስቴ ካልቆመችልኝ ሞተር አላስነሣም» ብሎ ራስ ቁሩን አወለቀ። የተቃጠለው ሰው ያመናትን ሴት፣ ያልተቃጠለው ከሜዳ ሊያስወጣት አይችልም። እኔ እያለሁ አይሆንም።

አሁን አንድ ነገር ልንገርህ፣ ከዚያ እዘጋለሁ። ሰኞ እማማ ጓንቶቿን ከቁም ሳጥኑ አምጪልኝ አለችኝ። በቀኙ ጓንት ውስጥ ጠንካራ ነገር ነበር፤ አውጥቼ ሳየው ቀይ የጥፍር ቀለም ነው። ትዝ ይልሃል? በዚያ ቀን አሮጌው የኮፓው ቡሎኖች ላይ አልቆ ቱቦው ብቻ ሲቀር፣ እማማ ጠዋት ከሱቅ የገዛችውን አዲስ ከመኪናዋ ሥር ለተኛኸው ለአንተ አቀበለችህ። ያው ጠርሙስ ነው። የሱቁ ወረቀት ከክዳኑ እስከ አንገቱ እንደተለጠፈ አለ። አልተቀደደም።

እማማን አየኋት። ጓንቱን ከእጄ ተቀብላ አጠለቀችው፣ ጣቶቿን ዘርግታ አጠፈቻቸው፣ «እኔ ነኝ የወፈርኩት ወይስ እሱ ነው የጠበበው?» አለች። ከዚያ ድምጿን ሳትለውጥ፣ «ጠርሙሱን እቦታው መልሺው። የወንድምሽ ነው» አለችኝ።

መለስኩት። እሷን ምንም አልጠየቅኋትም፣ አንተንም አልጠይቅህም።

መኪናዋ ተገጣጥማ አልቃለች፤ ሳይታሰር የቀረው የዘይት ቱቦው ብቻ ነው። ሆን ብዬ ትቼልሃለሁ። ማጥበቂያው ቺያቬ ሣጥኑ ላይ ነው፣ ከመኪናዋ ሥር የሚነጠፍ ካርቶንም አዘጋጅቻለሁ፤ ጉልበትህን ካመመህ ተኝተህ እስክትገባ እኔ እደግፍሃለሁ። ካልመጣህ ራሴ አጠብቀዋለሁ፣ እማማም ትዘጋለች፣ ከፈለግህ በወሬ ትሰማዋለህ። ብትመጣ ግን በጠዋት ና። የጥፍር ቀለምም ይዘህ ና፤ እዚህ ያለው አንድ ጠርሙስ ብቻ ነው፣ እሱንም እማማ አታስከፍትም።

አምላክ መንገድህን ያቅናልህ፣ ለበቆሎህ ዝናብ፣ ለጉልበትህ ብርታት ይስጥህ። ልጆችህን ሳምልኝ። እማማ ደግሞ ሞቅ ያለ ልብስ ይልበስ፣ ጠዋት ሜዳው ይበርዳል በይልኝ ብላሃለች።

የምትወድህ
እህትህ