ከሁለታችሁ የተነሣው ቬልማር ነው

ሶልዬ፣

ከተለያየን ሰባት ዓመት ሞላ። ተዝካርህን ባለፈው ወር አወጣን። ቄሶቹ አልጎደሉም፣ ጠላውም ደህና ወጥቶ ነበር፤ ድንኳኑ ግን ከግማሽ በላይ ባዶ ነበር። ወንድምህ ደረጀ አልመጣም። ልጃችን ናሆም መጥቶ እህል ሳይቀምስ ሄደ። ወደዚያ የሚመጣ ሰው አይጠፋምና፣ ነገሩን ከሌላ አፍ ከምትሰማው ከእኔው ብትሰማ ይሻላል ብዬ ነው ዛሬ ለመጻፍ የተቀመጥኩት።

ለሟች ሲጻፍ ደህና ደህናው ተመርጦ ነው ይላሉ። እኔ ግን ተናድጃለሁ። ግማሹ ንዴቴም በአንተ ነው።

የቤቱን በአጭሩ ልንገርህ። ከትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ጡረታ ወጥቻለሁ። ጓሮ ያለችው ዘይቱና ደርቃ አስቆረጥኳት። ሰፈራችን አቦከር በሙሉ ፎቅ በፎቅ እየሆነ ነው፤ ከፊት ለፊታችን ያለው ጎረቤት ሦስተኛውን ደርቦ ፀሐያችንን ወሰደብን። ውሃው እንደ ድሮው ነው፣ ሲያሰኘው ይመጣል። መብራቱም እንደዚያው። ያንተ ኮምፒውተሮች ማንም ሳይነካቸው ጓዳ ተደርድረዋል፤ የሰፋሁላቸውን ልብስ አልፎ አልፎ አውልቄ አጥባለሁ። ሰው አይቶ ይስቃል። ይሳቅ።

እነዚያን ኮምፒውተሮች ያመጣህበት ቀን ትዝ ይልሃል? መንግሥት በተለወጠ ሰሞን አንድ የውጭ እርዳታ ድርጅት ቢሮውን ዘግቶ ሲሄድ ያረጀ ዕቃውን በጨረታ ሸጠ። አንተ ያኔ ኤረር በር አጠገብ ባለችው ጠባብ ሱቅህ ሬዲዮና የጽሕፈት መኪና ትጠግናለህ። ኮምፒውተር በቅጡ ሳታይ ጋሪ ሙሉ ኮምፒውተር ይዘህ መጣህ። ፊታቸው ላይ በሰማያዊ ፊደል ቬልማር የሚል ተጽፎባቸዋል። ግማሾቹ አይነሡም ነበር። አንዱን ገነጠልክ፣ ከሞተው አውጥተህ ለሚድነው ሰጠህ፣ እንዲህ እንዲህ እያልክ አብዛኞቹን አስነሣሃቸው። መጀመሪያ የተነሣው ጢጥ ሲል እኔን ጠርተህ ወንበሩ ላይ አስቀመጥከኝና ስሜን ጻፊ አልከኝ። ገነት ብዬ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍኩ። አረንጓዴ ሆኖ መጣ። አንተ ከኋላዬ ቆመህ ልጅ የወለድክ ያህል ደስ ብሎህ ነበር።

ከዚያ በኋላ የአቦከር የሠርግ ካርድ ሁሉ ከእኛ ቤት ወጣ። እኔ እጽፋለሁ፣ አንተ ታትማለህ። ሌሎች መሥሪያ ቤቶችም ያንኑ ዓይነት ኮምፒውተር ገዝተው ስለነበር ሲበላሽባቸው ከጅጅጋም፣ ከድሬዳዋም ወዳንተ ተሸክመው ይመጡ ነበር። ሰውም ስምህን ቀየረው፤ ሰለሞን ጥላሁን ቀረና ሰለሞን ቬልማር ሆንክ። ደስ ይልህ ነበር።

እኔን ግን ደስ አላለኝም። የሱቁ በር ላይ ስምህን አስጽፍ ብዬ ስንቴ ጨቀጨቅኩህ? ሰው የሚመጣው አንተን ብሎ ነው፣ ያ ኩባንያ ሐረር የምትባል አገር መኖሯንም አያውቅም አልኩህ። አንተ ደግሞ ሰው ያልፋል፣ ኩባንያ ይኖራል ብለህ በሩ ላይ ቬልማር ብለህ በሰማያዊ ቀለም ጻፍክ። ኩባንያው ካንተ በፊት ከሰረና ተዘጋ። ወሬውን የሰማህ ቀን ምሳ አልበላህም፤ ዘመድ የሞተብህ ነበር የምትመስለው። በሩ ላይ ያለውን ግን አላጠፋኸውም። ከዚያ አንተም ሞትክ። ከሁለታችሁ የተነሣው ቬልማር ነው።

እንዴት ተነሣ አትለኝም? ሩቅ አገር ያለ አንድ ነጋዴ ስሙን ገዛው። ፋብሪካው ከፈረሰ ቆይቷል፣ የሠሩት ሰዎችም ተበትነዋል፤ የተረፈው ስሙ ብቻ ስለነበር እሱን ገዛ። ማንም የሚገጣጥመውን ርካሽ ላፕቶፕ አሠርቶ ያንን ሰማያዊ ጽሑፍ ለጠፈበት። በሌላ አገር ይህን ስም የሚያስታውስ ሰው ይኑር አይኑር አላውቅም። ሐረር ላይ ግን ገጠሬውም ከተሜውም ቬልማር ሲባል ጆሮውን ያቆማል። ይህን ደግሞ ከደረጀ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። አዲስ አበባ ሄዶ ለምሥራቁ ወኪል ሆኖ ተመለሰ። ከጀጎል ውጭ አስፋልቱ ዳር ሱቅ ከፈተ፣ ናሆምንም ቀጠረው። እኔም መጀመሪያ ላይ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ልጄ ሥራ አገኘ ብዬ ተመስገን አልኩ።

ተዝካሩ ገና ዓመት ሲቀረው ደረጀ መጥቶ ሳሎን ያለውን ፎቶህን ላስተልቀው አለኝ። ያንን ነጭ ሸሚዝ ለብሰህ፣ መፍቻ ደረት ኪስህ ውስጥ ሰክተህ የተነሣኸውን። ለድንኳኑ ከአሁኑ የሚያዘጋጅ መስሎኝ ሰጠሁት።

ፎቶህ የት እንደዋለ የነገረኝ ከገጠር፣ ከሶፊ የሚመጣው ዩሱፍ ነው። ዩሱፍን አትረሳውም፣ ሬዲዮኑን በዓመት አንዴ ላንተ ካላሳየ እንቅልፍ የማይወስደው ገበሬ። አንድ ጠዋት በር አንኳኳ። በሽርጥ የተጠቀለለ ነገር ታቅፏል። ስንፈታው አዲስ ቬልማር ላፕቶፕ ነው። ልጁ ፈቲያ ዩኒቨርሲቲ ልትጨርስ ስትል የዓመት ጫቱን ሸጦ የገዛላት፤ በሁለት ወሩ ድፍን ብሎ ቀርቷል፤ ጽፋ የጨረሰችው የመመረቂያ ጥናቷ ውስጡ ነው። ወደ ሱቁ ለምን አልወሰድከውም አልኩት። ዩሱፍም በተረጋጋ ድምፅ፣ «ወላሂ ገነት፣ እኔ ከደረጀ አልገዛሁም። ግድግዳው ላይ ሰለሞን ነበር፣ ከሱ ነው የገዛሁት። ሰውየው ቢሞት ቤቱ አለ አይደል?» አለኝ። በእነዩሱፍ ዘንድ ሰው ሲሞት ቃሉን ቤቱ ነው የሚወርሰው። ከዩሱፍ በኋላ ሌሎችም መጡ፤ አንዷ መምህርት፣ አንድ ከኤረር የመጣ ሽማግሌ፣ ሁሉም የሞተ ላፕቶፕ ይዘው ደጄ ላይ። አንተ ሞተህ እንኳ የብልሽት ደንበኛ አላጣህም።

ከዩሱፍ ጋር ወደ ሱቁ ሄድን። እውነትም ከባንኮኒው በላይ አለህ፣ በር የምታክል ሆነህ። ደረጀ ሰው ሰብስቦ እያሳየ ነበር። ምን እንደሚያሳይ ስታውቅ ምን እንደምትል አላውቅም።

የመብራትህን ነገር ነው። የጠገንከውን ኮምፒውተር መብራት ሦስቴ ሄዶ ሦስቴ ሲመጣ ሳይደነግጥ ካልቆመ ለባለቤቱ አታስረክብም ነበር። የሐረር ኮምፒውተር በሐረር መብራት ይፈተን ትል ነበር። አንዳንድ ሰሞን መብራት ያለ ልማዱ ሳይጠፋ ሲቀር ደንበኛ በየቀኑ እየመጣ «አሁንም አልጠፋም?» ብሎ ሲጠይቅ፣ በከተማው መብራት ባለመጥፋቱ የሚራገመው ያንተ ሱቅ ወረፋ ብቻ ነበር። በዚያ ሳቅን፣ ተጣላንም። ግን ያንተን ፈተና ያለፈ ዕቃ ተመልሶ አይመጣም። ሰው ቬልማር አይከዳም የሚለው ለዚህ ነው። የማይከዳው የማን እጅ እንደሆነ ነጋሪ አልነበረውም።

ደረጀ አዲሱን ላፕቶፕ ሶኬት ላይ ሰክቶ፣ «የወንድሜን ፈተና ታውቁታላችሁ» ይላል። ከዚያ ይነቅላል። ላፕቶፑ አይጠፋም። ይሰካል፣ ይነቅላል። አይጠፋም። ሦስተኛውን ነቅሎ እጁን ወዳንተ ፎቶ ያነሣል። ሰው ያጨበጭባል፣ ከመካከላቸው አንዱ ከንፈሩን መጦ ነፍስ ይማር ይላል። ናሆም ከባንኮኒው ኋላ ካርቶን እያወረደ ነው። ባትሪ እንዳለው ልጄ ያውቃል፤ በኮምፒውተር ትምህርት ነው የተመረቀው። ቀና ብሎ አየኝና እንዳላየ ሆነ። የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ የሚለውን ተረት የእኔው ልጅ በሥራ ሲያውለው ቆሜ አየሁ።

አልጮህኩም። ስጮህ እንደማላምር አንተ ነግረኸኛል። ወደ ፊት አለፍኩና ለሰዎቹ ሚስቱ ነኝ አልኳቸው፤ ቦታ ለቀቁልኝ። እንዲህ አልኩ፤ ይህ ዕቃ ባትሪ አለው። ኪሳችሁ ያለው ስልክም ከቻርጀር ሲነቀል አይጠፋም፤ ሰለሞን እሱንም አልጠገነውም። ይህን ላፕቶፕ ባሌ አያውቀውም፣ ሲሠራም በሕይወት አልነበረም። ፎቶው የቤቴ ነው፣ ልወስደው ነው የመጣሁት። ደረጀ እየሳቀ ሊያቅፈኝ ሞከረ፣ «ጋሼ ቢኖር ደስ ይለው ነበር» እያለ። ወንበር ሳብኩና ወጣሁ። ያን የሚያክል ፎቶ ማውረድ ለእኔ ዕድሜ አይሆንም፤ ዩሱፍ በአንድ ጎን ባይዝልኝ እወድቅ ነበር። ፊትህን በዩሱፍ ሽርጥ ሸፍነን በአስፋልቱ ተሸክመንህ መጣን። ለሁለተኛ ጊዜ የቀበርኩህ ያህል ነው የተሰማኝ።

በዚያው ሳምንት ደረጀ ሽማግሌ ላከብኝ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፣ ደረጀ የወንድሙን ስም ነው ያነሣው አሉኝ። እኔም፣ መቃብሩ ላይ የተጻፈው ቬልማር አይደለም፣ ሄዳችሁ አንብቡት አልኳቸው። ተቆጥተው ወጡ። ናሆም ማታ መጣና፣ «እማዬ፣ አዋረድሽን። ስሙ እኮ የኩባንያው ነው፣ አባዬ ከእነሱ ነው የወሰደው» አለኝ። ሶልዬ፣ እውነቱን ነው። አንተ በራስህ እጅ፣ በሰማያዊ ቀለም፣ ያለ ማንም አስገዳጅ ጻፍከው። የሃያ ዓመት ልፋትህን ለማታውቀው ሰው ስም ሰጥተህ ሄድክ፣ የፈለገ መጥቶ አነሣው። በአንተ የምናደደው በዚህ ነው።

ሱቁ ብዙ አልቆየም። ዘግተው ድሬዳዋ ወረዱ፤ እዚያ ሌላ ስም የተለጠፈበት ዕቃ እየሸጡ ነው አሉ። ናሆም ስልክ ይደውላል፣ ጤናዬን ይጠይቃል፣ ይዘጋል። የፈቲያን ላፕቶፕ ፈትቼ አየሁት፤ ካንተ እያየሁ የተማርኩት ያህል ሞከርኩ። ውስጡ ከአውራ ጣቴ የማትበልጥ ነገር ላይ ሁሉም አንድ ላይ ተበይዷል፤ ከሞተው ወስደህ ለሚድነው የምትሰጠው የለም። ልጅቷ ጥናቷን ከመጀመሪያው ቁጭ ብላ ጻፈች። እኛ ቤት፣ ባንተ አሮጌ ወንበር ላይ፣ በእጇ የጻፈችውን እያነበበችልኝ፣ እኔ ከጓደኛዋ በተዋሰችው ላፕቶፕ እየተየብኩላት ጨረስነው። ተመርቃለች። ዩሱፍ አሁንም ሲያልፍ በሬን ያንኳኳል፣ ስለ ላፕቶፑ ግን አንሥቶ አያውቅም።

ለምን ድንኳንህ ባዶ እንደነበር አሁን ገባህ። ግማሹ ለደረጀ ወግኖ በእኔ አዝኗል፣ ግማሹ በዚያ ዕቃ ተቃጥሏል። ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። አቦከር ውስጥ የተበላሸ ነገር ሁሉ ቬልማር መባል ጀምሯል። ቧንቧው ሲደርቅ ቬልማር ሆነ ይላሉ። ባጃጅ መንገድ ላይ ሲቆም ቬልማር ነው ይላሉ። ያንተን ዘመን የማያውቁ ልጆች እየሳቁ ይሉታል። የሚያውቁህ ደግሞ እኔ ፊት ያንን ስም መጥራት አፍረው፣ ሰለሞን ቬልማር ማለቱን ትተውታል። በሌላ ስም ግን አያውቁህም ነበር። ፎቶህን ከግድግዳ ሳወርድ አንተንም አብሬ ከሰው አፍ አወረድኩህ። ዳግም ቢመጣ ዳግም አወርድሃለሁ፤ ግን እንዲህ መሆኑን ልትሰማው ይገባል።

አልረሳህም። ጢጥ ሲል የሳቅከውን፣ ከኋላዬ የቆምከውን፣ መብራት እስኪጠፋ ሻማ ይዘን የጠበቅነውን አልረሳም፤ ጭንቅላቴ እስካለ ድረስ እዚያ አለህ። በተዝካሩ ማግስት ለምስጋና ብዬ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ስምህን ለጸሎት አስጠራሁ። ሰለሞን ጥላሁን አልኩ። አጠገቤ የቆሙት ሴትዮ፣ ሱቃችን ለዓመታት ካርድ ያሠሩ ሰው ናቸው፣ ዞር ብለው «የትኛው ሰለሞን?» አሉኝ።

የእኔው አልኳቸው።