ለሰፋው ሲሊንደር ያልተገኘ ፒስተን

ገሜዳ፣

የምደባ ደብዳቤዬ ዛሬ ጠዋት ደረሰ። ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጎሬ ተመድቤያለሁ። መኪናው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስለሚነሳ ከሥራ እስክትመለስ መጠበቅ አልቻልኩም።

ሞተር ብስክሌትህን እንደፈታታሁት ትቼው መሄዴ ነው። ብሎኖቹ ጣሳው ውስጥ ናቸው፤ ካርቡራተሩን አጥቤ በጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ።

በሲሊንደሩ ግን አትልፋ። ጉልበት እንዲጨምር ብዬ ቶርኖ ቤት ወስጄ አሰፋሁት፤ ለሱ የሚሆን ትልቅ ፒስተን ግን ከተማውን ባስስ አጣሁ። ጦር ኃይሎች ሰፈር ያለው መካኒክ፣ "ፒስተኑን ሳትይዝ ሲሊንደር ታሰፋለህ? ኮሌጅ ያስተማሩህ ይህንን ነው?" አለኝ። የድሮው ፒስተን ገብቶ ይንገጫገጫል። የሰፋ ብረት ደግሞ ተመልሶ አይጠብም።

አንተማ "እየሄደ አይደል፣ ተወው" ብለኸኝ ነበር። እኔ ነኝ፣ "ይሄ መሄድ ነው? ጭድ የጫነች አህያ እኮ ቀደመችህ!" ብዬ የሳቅሁብህ።

ለአክስትህ ለእማማ ዋጋነሽ መድኃኒታቸውን ይዘህ ቡራዩ ድረስ በእግርህ ስትሄድ ይኸው ሦስተኛ ቅዳሜህ ነው። አንድ ቀን እንኳ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

ሌላ የማደርገው ቢጠፋኝ ወፍራሙን ጫማዬን አልጋህ ሥር አስቀምጬልሃለሁ። ትንሽ ይሰፋሃል፤ ካልሲ ደርብበት።

መኳንንት